ደጋ ላይ ዶሮ የሚፈጀው እርጥበት ነው፤ ስለ ክረምት የዶሮ አያያዝ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የጓሮ ዶሮን በክረምት እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በተጉለት ያሉ ወዳጆቼም ልከውልኛል፤ አንዳንዶቹ ምክሩን አምነው ላስቲክና ከሰል መግዛት እንደ ጀመሩ ነግረውኛል። ጸሐፊው ጽሑፉን በቅን ልቦና እንዳዘጋጁት አልጠራጠርም፤ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ጉዝጓዝን ቶሎ ቶሎ ስለ መቀየርና የዶሮ ቤትን ከመሬት ከፍ አድርጎ ስለ መሥራት የጻፉትን ሁሉ እኔም እቀበላለሁ። ዋና ዋናዎቹ ምክሮች ግን እንዳሉ ቢተገበሩ በሰሜን ሸዋ ጓሮዎች ብዙ ጉዳት ያደርሳሉ ብዬ ስለማምን ነጥብ በነጥብ መልስ ልሰጥባቸው ወድጃለሁ።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። በክረምት ዶሮን የሚገድለው ብርድ ስለሆነ የቤቱ ቀዳዳ ሁሉ በላስቲክ ይደፈን፣ ሌሊትም የከሰል ምድጃ ይግባበት ይላሉ። እንቁላል የሚቀንሰው የክረምት ቀን አጭር በመሆኑ ነውና አምፖል ማብራት መፍትሔ ነው ይላሉ። ለቅማልና ለቁንጫ ማላታይን አንድ ጊዜ ዶሮዎቹ ላይ መርጨት በቂ እንደሆነ፣ ዐመድ ግን ጥቅም የሌለው የድሮ ልማድ እንደሆነ ጽፈዋል። ፈንግል ሲገባ ቴትራሳይክሊን በውኃ በጥብጦ ማጠጣትን ይመክራሉ፤ ክትባትን ለትልልቅ እርባታዎች ብቻ የሚሆን ነገር ያደርጉታል። ለአይጥና ለሸለምጥማጥ መርዝ እንዲበተን ካዘዙ በኋላ፣ ይህን ሁሉ ማድረግ የማይችል ሰው ዶሮዎቹን በሰኔ ሸጦ ለእንቁጣጣሽ መልሶ እንዲገዛ በመምከር ይደመድማሉ።

ዋናው ስሕተት ያለው በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ስለሆነ እሱን ሰፋ አድርጌ ልመልከተው። ሐምሌና ነሐሴ በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ ብርድ እንዳላቸው ማንም አይክድም። ይሁንና በእኛ ደጋ ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ የሚከፋው በክረምት ሳይሆን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የውርጭ ወቅት ነው። በክረምት ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን መሬት ቀን የያዘችው ሙቀት ሌሊት ቶሎ አያመልጥም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሙቀቱ ሽቅብ ይሄድና ማለዳ ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜም አለ። ዶሮን የሚፈጀው ብርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እልቂቱ በእነዚህ ወራት በሆነ ነበር። ዶሮ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያየው ግን ሌላ ነው፤ በደረቁ ወራት ዶሮዎቹ ላባቸውን ነፍተው ያድሩና ፀሐይ ስትወጣ ወደ አውድማው ይበተናሉ፣ የሚያስነጥሱት፣ የሚያስቀምጣቸውና ክንፋቸውን ጥለው የሚቆዝሙት ግን በዝናቡ ወራት ነው። ሁለቱን ወቅቶች የሚለያቸው እርጥበት ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲሆን ደረቅ ላባዋ በመካከሉ አየር ይዞ ይህን ሙቀት ይጠብቅላታል፤ ላባው ሲርስ ግን ያ አየር ይጠፋና ሙቀቱ ከሰውነቷ ያመልጣል። ቤቱ በላስቲክ ሲታፈን ደግሞ ከዶሮዎቹ ትንፋሽና ከኩሳቸው የሚነሣው ተን መውጫ ያጣል፤ ከጣሪያው ሥር ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ጉዝጓዙን ያረጥባል። እርጥብ ኩስ አሞኒያ ያመነጫል፤ አሞኒያም ዓይናቸውንና የመተንፈሻ አካላቸውን እየጎዳ ለሳልና ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። ላስቲክ የለበሰውን ቤት ማለዳ እንደ ከፈቱ ጎንበስ ብለው ፊትዎን ከቆጡ ትክክል ያድርጉና አንድ ጊዜ ይተንፍሱ፤ ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎት ዶሮዎቹ ያንን አየር ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት አድረዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ዝናብና ንፋስ የሚመታውን ጎን መድፈን ተገቢ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን በተቃራኒው ጎን፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ቆጡ ላይ ከተቀመጡት ዶሮዎች ራስ በላይ የሆነ ክፍተት በወንፊት ሽቦ ተሸፍኖ ክፍት መቅረት አለበት፤ በዚያ በኩል እርጥብ አየር ይወጣል፣ ንፋሱም ዶሮዎቹን በቀጥታ አይመታም። ጣሪያው እንዳያፈስ ማድረግ፣ በቤቱ ዙሪያ ትንሽ የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር፣ ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ መጎዝጎዝ ከየትኛውም ላስቲክ ይበልጣል።

የከሰሉ ምክር ግን ፈጥኖ መታረም ያለበት ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። በየክረምቱ ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎች በዚሁ ምክንያት ሕይወታቸው ያልፋል፤ ዶሮማ የምትተነፍሰው አየር ከሰውነቷ መጠን አንጻር ከሰው ስለሚበልጥ ፈጥና ትሞታለች። ይህም ላይበቃ ምድጃው ደረቅ ጭድ ላይ የተቀመጠ እሳት ነው። በብዙ ገጠር ቤቶች ዶሮና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድሩ ምክሩ የሚያሰጋው ዶሮዎቹን ብቻ አይደለም።

ጫጩቶችን በሚመለከት ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ እነርሱን ብርድ ይገድላቸዋል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ላባ እስክታወጣ መቆየት ያስፈልጋል። እናት ዶሮ ካለች ይህን ሁሉ በክንፏ ትሠራዋለች። እናት ከሌለች ግድግዳው ዙሪያውን በጭድ የተጠቀጠቀ የእንጨት ሣጥን መሥራት ይቻላል፤ ጫጩቶቹ ሌሊት በዚያ ውስጥ በራሳቸው ሙቀት ተጠጋግተው ያድራሉ፣ እሳትም መብራትም አይጠይቅም። ከሁሉ የሚሻለው ግን እናቶቻችን የሚያደርጉት ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ዶሮ አያስታቅፉም። ዶሮ 21 ቀን ስለምትታቀፍ በመስከረም ማብቂያ የታቀፈች ዶሮ ጫጩቶቿን ምድሩ ደርቆ እህል በደረሰበት ጊዜ ታወጣለች።

ስለ ቀኑ ማጠር የተጻፈው ከሌላ አገር የተወሰደ ይመስለኛል። በሰሜን አውሮፓ በታኅሣሥ ቀኑ ወደ ስምንት ሰዓት ስለሚወርድ ዶሮ እንቁላል ማቆሟ የታወቀ ነው፤ እዚያ አምፖል መፍትሔ ይሆናል። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በሰሜን ሸዋ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ሲሆን የሚውለውም ሰኔ 14 አካባቢ፣ ልክ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ አጭሩ ቀን ደግሞ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ሲሆን 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ክረምታችን ቀኑ የሚረዝምበት ወቅት ነው፤ እንቁላሉ የቀነሰው በቀኑ ማጠር ነው ማለት አያስኬድም። የተሻሻለ ዝርያ ያላቸው እንቁላል ጣዮች በቀን እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ሲያገኙ በደንብ እንደሚጥሉ እውነት ነው፤ ይህ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ እንጂ የክረምት መድኃኒት አይደለም፣ ለሐበሻ ዶሮም የመብራቱን ወጪ አይመልስም።

እንቁላሉ ለምን ይቀንሳል ቢባል ምክንያቱን ከጎተራው አጠገብ እናገኘዋለን። በሐምሌና በነሐሴ የመኸሩ እህል ስላልደረሰ ቤት ውስጥ ያለው ጥሬ ያልቃል። ዶሮዎቹ ደግሞ ዝናቡን ሸሽተው ከክፈፍ ሥር ቆመው ስለሚውሉ ጭረው የሚበሉበት ሰዓት ያጥራል። አንዳንዶቹ ላባቸውን ይቀይራሉ፤ ላባ የምታወጣ ዶሮ የምታገኘውን ገንቢ ምግብ ለላባው ታውለዋለች። የሚረዳቸው ቀለል ያለ ነገር ነው፤ ማለዳና ማታ ትንሽ ገብስ ወይም የእህል ግርድ፣ ከተገኘ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅሎ መስጠት፣ የእንቁላል ቅርፊትን አድርቆና አድቅቆ መጨመር። እዚህ ላይ ጸሐፊው በቅንፍ የጣሉት አንድ ዓረፍተ ነገር አሳስቦኛል። ለሰው የማይሆን የሻገተ እህል ለዶሮ ይሁን ብለዋል። በእርጥበት የሻገተ እህል አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ መርዝ የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፣ በሽታ የመከላከል አቅሟን ያዳክማል፣ እንቁላሏንም ይቀንሳል። ለሰው ያልሆነው ለእርሷም አይሆንም።

አሁን ወደ ቅማልና ቅንቅኑ ልምጣ፤ ጽሑፉ በስፋት የተወደደው በዚህ ክፍል ነውና። ጸሐፊው ሁሉንም ተባይ እንደ አንድ ቆጥረው አንድ መድኃኒት አዘዙለት። ተባዮቹ ግን አኗኗራቸው ይለያያል። ቅማል ዕድሜዋን በሙሉ በዶሮዋ ገላ ላይ ትኖራለች፤ ከዶሮዋ ከወረደች በጥቂት ቀናት ትሞታለች። ቅንቅን የምንላት ቀይ ነፍሳት ግን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቃ ትውላለች፣ ዶሮዋ ላይ የምትወጣው ሌሊት ደም ለመምጠጥ ነው፤ ሳትመገብም ለወራት መቆየት ትችላለች። እንግዲህ ቀን ዶሮዋ ላይ የተረጨ መድኃኒት ቅንቅኗን እንዴት አድርጎ ያገኛታል? ቅማሏንም ቢሆን ትልቋን ይገድል ይሆናል እንጂ ላባው ሥር ተጣብቆ የሚቀመጠውን እንቁላሏን አይነካም፤ እንቁላሉ በሳምንት ውስጥ ይፈለፈልና ዶሮዋ እንደ ገና ቅማላም ትሆናለች። አንድ ጊዜ መርጨት በቂ ነው የሚለው በዚህ ብቻ ይወድቃል።

ማላታይኑ ራሱ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። በየገበያው የሚገኘው ለሰብል ተባይ የተዘጋጀ ጠንካራ ፈሳሽ ነው። ሰው በመሰለው ልክ በጥብጦ ሲረጨው ዶሮዋ ምራቋ ይዝረበረባል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ እግሯ ይተሳሰራል፤ የከፋ ሲሆን ትሞታለች። የተረፈችውም መድኃኒቱን ወደ እንቁላሏ ልታስተላልፈው ትችላለች፤ ያንን እንቁላል የሚበሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው። በነሐሴ ብርድ ዶሮን በፈሳሽ ማራስ በራሱ እንደሚጎዳት ከላይ ስለ ላባ ካልኩት መረዳት ይቻላል።

ዐመድን በተመለከተ ጸሐፊው በእናቶቻችን ልማድ ላይ የሰጡት ፍርድ ትክክል አይደለም። ዶሮ በተፈጥሮዋ በደረቅ ዐፈር ውስጥ እየተንከባለለች ቅማሏን ታራግፋለች። ደቃቁ ዐፈርና ዐመድ የተባዩን ቆዳ የሚሸፍነውን ስስ ሰም ይፍቀዋል፤ ተባዩም ከውስጡ ውኃ አጥቶ ይደርቃል። በክረምት ቅማል የሚበዛው ጓሮው ሁሉ ጭቃ ሆኖ ዶሮዋ የምትንከባለልበት ደረቅ ቦታ ስለምታጣ ነው። የቅማል ኑሮ በሞቀው የዶሮዋ ገላ ላይ ስለሆነ የውጭው ብርድ አያግዳትም፤ ስለዚህም በደጋው በክረምት የምታስቸግረው በተለይ እርሷ ናት። በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በምንጃር ቆላ ግን ሙቀቱ ለቁንጫና ለቅንቅን ይመቻል። በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ ተባዩ ይህን ያህል ይለያያልና አንድ ምክር ለሁሉም አይሠራም።

ዐመዱ የሚሠራው ግን ደረቅ ሲሆን ነው፤ ረጥቦ ከሆነ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የኩበት ወይም የእንጨት ዐመድ ከፍሙ ተነፍቶ፣ ከደረቅ ደቃቅ ዐፈር ጋር ተደባልቆ፣ ዝናብ በማይደርስበት ክፈፍ ሥር በሰፊ ሣጥን ወይም በአሮጌ ገበቴ ቢቀመጥ ዶሮዎቹ ማንም ሳያስገድዳቸው ይገቡበታል። በአንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሺ እላለሁ፤ ቅማሉ ከበዛ በኋላ ዐመድ ብቻውን አይበቃም። የዶሮዋን የጅራት ሥር ላባ ገልጠው ሲያዩ ነጫጭ የቅማል እንቁላሎች በላባው ግንድ ዙሪያ ተጠቅጥቀው፣ ቆዳውም ቀልቶ ካገኙት መድኃኒት ያስፈልጋል። ያኔ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ሄዶ ለዶሮ የተዘጋጀ የዱቄት መድኃኒት በባለሙያው ልክ መግዛት፣ ከክንፍና ከጅራት ሥር መነስነስ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም አዲስ የተፈለፈሉትን ለማግኘት መድገም ነው፤ እንቁላሉ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላም ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል።

የቅንቅኗ መፍትሔ ያለው በቆጡ ላይ ነው። በእኛ አገር ቆጥ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ልጡ ካልተላጠ የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ ልጡ እየደረቀ ሲላቀቅ ከሥሩ የሚፈጠረው ክፍተት ለቅንቅን የተመቸ መደበቂያ ይሆናል። ከመሸ ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዘው ገብተው የአጣናውን ሆድ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁ ላይ ቀይ የደም ጭረት ከታየ ቅንቅን አለ። አጣናውን አውርዶ ልጡን ሙሉ በሙሉ መላጥ፣ የፈላ ውኃ በስንጥቁና በመጋጠሚያው ላይ ማፍሰስ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን ማድረቅ፣ በሳምንቱም መድገም፤ ይህ ከየትኛውም ርጭት በላይ ይሠራል። የእግራቸው ቅርፊት የተነሣና የተላላጠ ዶሮዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅንቅን አለባቸው፤ እግራቸውን በሳሙና አጥቦ ቫዝሊን ወይም ዘይት ደጋግሞ መቀባት ያድናቸዋል፣ ላምባ ግን ቆዳቸውን ያቃጥላል።

ፈንግልን በተመለከተ መለሳለስ አልችልም። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው፤ ቴትራሳይክሊንም ሆነ ሌላ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። አንገታቸው ሲጣመም፣ አረንጓዴ ሲያስቀምጣቸው፣ አንዷ ከሌላዋ ተከታትለው ሲወድቁ የሚበጠበጠው ካፕሱል ገንዘብ ማባከን ነው፤ በኋላም ሰውና ከብት የሚድንበት መድኃኒት እንዲለመድ ያደርጋል። ጸሐፊው መድኃኒቱን ሰጥተው የተረፉ ዶሮዎች እንዳዩ ጽፈዋል። ፈንግል ባልተከተበ መንጋ ውስጥ ገብቶ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል፤ አንዳንዶች ግን ምንም ሳይሰጣቸውም ይተርፋሉና የተረፉት በመድኃኒቱ ነው ለማለት ያልተሰጣቸውም ስንት እንደ ተረፉ ማየት ያስፈልግ ነበር።

ክትባት ለትልልቅ እርባታ ብቻ ነው የሚለውም አይቆምም። በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከሚያመርታቸው የፈንግል ክትባቶች አንዱ ሙቀትን የሚቋቋም፣ ለገጠር የጓሮ ዶሮ ታስቦ የተሠራና በዓይን ላይ አንዲት ጠብታ በማድረግ የሚሰጥ ነው። የጓሮ ዶሮ ባለቤት ያለበት እውነተኛ ችግር ሌላ ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን ከተበጠበጠ በኋላ ለሌላ ቀን አይቀመጥም፣ ለአምስት ዶሮ ብሎ መክፈትም ያከስራል። መፍትሔው ከጎረቤት ጋር መተባበር ነው። በአንድ ማኅበር ወይም በአንድ እድር ያሉ እናቶች ግንቦት ላይ አንድ ምሽት ቀጥረው ባለሙያውን ቢጠሩ፣ ዶሮዎቹ ሁሉ ቆጥ ላይ ስለሚሆኑ ያለ ሩጫ ተይዘው በሰዓታት ውስጥ ያልቃሉ። ክትባቱ የሚሠራው ጤነኛ ዶሮ ላይ በመሆኑና መከላከያው እስኪዳብር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ተሰጥቶ በየሦስት እስከ አራት ወሩ መደገም አለበት።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው አንድ በሽታም አለ። በክረምት ጫጩቶች ደም የተቀላቀለበት ኩስ ሲጥሉ፣ ተኮራምተው ሲቆሙ አብዛኛውን ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ ነው። የበሽታው ዘር ከኩስ ጋር ይወጣል፤ ወደ በሽታ የሚለወጠው ግን እርጥበት ሲያገኝ ነው፣ ለዚያም አንድና ሁለት ቀን ይበቃዋል። አምፕሮሊየም የተባለው መድኃኒት በውኃ ይሰጣል፤ የተፋፈገና እርጥብ ቤት ይዞ ግን መድኃኒቱን መደጋገም ትርፉ ድካም ነው። ላስቲኩን የምቃወምበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ስለ አይጥና ሸለምጥማጥ አጭር ነገር ልበል። መርዝ የተቀባ እህል ዶሮ ባለበት ጓሮ ሲበተን መጀመሪያ የምትለቅመው ዶሮዋ ናት፤ ተመርዞ የወደቀውን አይጥም ዶሮ፣ ድመትና ውሻ ይበሉታል። አይጥ የሚመጣው ማታ ለተረፈው ጥሬ ነው፤ መመገቢያውን ሲመሽ አንሥቶ ማስገባት ግማሹን ሥራ ይሠራል። ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚሾልክ ሰፋፊ ዓይን ያለው ሽቦ አይመልሰውም፤ በሩ በሚገባ የሚገጥም፣ ሽቦውም ጥቅጥቅ ያለና ከግርጌው መሬት ውስጥ የተቀበረ መሆን ይኖርበታል።

የመጨረሻው ምክር ዶሮዎቹን በሰኔ ሸጦ ለእንቁጣጣሽ መግዛት ነበር። ትርፍ አውራ ዶሮዎችንና ያረጁትን ቀድሞ መሸጥ ቤቱን ስለሚያሰፋ መኖውንም ስለሚያበቃ ጥሩ ነው፤ ሁሉንም መሸጥ ግን በሁለት በኩል ያከስራል። ሰኔ የሐዋርያት ጾም ያለበት ወር ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ስለሆነ ያኔ ዶሮ የሚገዛ ሰው ጥቂት፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ግን ዋጋው ይወጣል። በርካሽ ሸጦ በውድ መግዛት ማለት ነው። ከዚያም ይከፋል፤ በበዓል ገበያ ከየወረዳው የመጡ ዶሮዎች በአንድ ላይ ይታጎራሉ፣ ፈንግልም ከመንደር ወደ መንደር የሚሻገረው በዋናነት በእነርሱ ነው። ጸሐፊው ራሳቸው አዲስ ዶሮ ከነባሮቹ እንዳይቀላቀል በትክክል መክረው ነበር፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከገበያ ግዙ ማለታቸው ከዚህ ጋር አይሄድም። ሰው ጥሩ ጣይ የሆኑትን ሦስት አራት ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ ክረምቱን ቢያቆይ ለመስከረም ማብቂያው መታቀፊያ ከራሱ ቤት እንቁላል ያገኛል። መግዛት የግድ ከሆነበትም አዲሶቹን ቢያንስ ሁለት ሳምንት በተለየ ቦታና በተለየ የውኃ ዕቃ ያቆያቸው፤ ጠዋት ጠዋትም መጀመሪያ ነባሮቹን፣ ቀጥሎ አዲሶቹን ይመግብ።